የጉና በረዶ በካሬ

ገና ሲቃረብ ደብረ ታቦር ላይ በረዶ ይጀምራል። ከሰማይ እንዳይመስላችሁ፤ ከማተሚያ ቤት ነው። ሞባይል ጠጋኙ፣ ልብስ ነጋዴው፣ ካፌው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሁሉም «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ባነር ያሠራና ከጽሑፉ ሥር አንድ ሜዳ ሙሉ በረዶ ያስነጥፍበታል። በረዶው ላይ ጥድ አለ። ጥዱ ላይ ደግሞ በረዶ አለ። ከጥዱ አጠገብ ቀይ የለበሰ፣ ጢሙ የረዘመ፣ ዝምድናው በማን በኩል እንደሆነ ያልታወቀ ሽማግሌ ቆሟል። ባለ ልደቱ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እውነተኛው በረዶ ከተማችንን የሚጎበኘው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ካልተጯጯኸ አይሰማማም። ነሐሴ 13 ቀን፣ ከተማዋ ስሙን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር፣ ልጆቹ ጅራፍ ሲያጮሁ ሰማዩም አንዳንዴ የራሱን ያጮሃል። የቡሄ ባነር ላይ ግን አንዲት ፍሬ በረዶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙልሙል አለ፣ ጅራፍ አለ፣ ችቦ አለ፤ በረዶ የለም። በረዶውን የምናመጣው ሰማዩ ጥርት በሚልበት፣ መንገዱ አቧራ በሚያጨስበት በታኅሣሥ ነው።

ለበረዶው ቅሬታ የለኝም። ሰው በገንዘቡ ይቀዝቅዝ። እኔን ያስቸገረኝ ስንጥቁ ነው።

ከአንድ ቡና ቤት ፊት ለፊት የተሰቀለ ባነር ነበር። በበረዶው ላይ በስተግራ በኩል አንዲት ስንጥቅ ወደ ላይ ትወጣና ሁለት ቦታ ትከፈላለች፤ በተከፈለችበት መካከል አንዲት ነጭ ነቁጥ አለች። አንድ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ ስትሉ ያቺው ስንጥቅ፣ ያቺው ነቁጥ። ሌላ ክንድ ስትጨምሩ እንደገና። ወደ ላይ ብትሉም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ዓይን ውስጥ ከገባ አይወጣም። ቡናዬ በረደ። አብሮኝ የተቀመጠው ወዳጄ ስለ ቦታ ካርታው ጣጣ የሚነግረኝን ረዥም ታሪክ ጨርሶ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለኝ፣ «ስምንት» አልሁት።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር በቤተሰባችን ውስጥ ባለሙያ አለ። የእህቴ ልጅ ግራፊክስ ይሠራል። እናቱ ሥራውን ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒውተር ላይ ነው» ትላለች፤ ልጁ ዛፍ ላይ የወጣ ነው የሚመስለው። ቀን ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነርና ስቲከር ይሠራል። ማታ ደግሞ ብሌንደር የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ከፍቶ ያልተሠሩ ቤቶችን፣ ያልተገዙ መኪናዎችንና ያልዘነበ ዝናብ ይፈጥራል። ስለ ስንጥቋ ብነግረው ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ታይል ነው እኮ! አንዲት ካሬ ፎቶ ናት። የቀኝ ጠርዟ ከግራ ጠርዟ፣ የላይኛው ከታችኛው እንዲገጥም ተደርጋ ትሠራለች። ከዚያ ጎን ለጎን ትደረደርና የፈለግኸውን ያህል ሜዳ ትሸፍናለች። ሲምለስ ቴክስቸር ይባላል። መገጣጠሚያው አይታይም።»

«ለእኔ ታይቶኛል።»

«የታየህ መገጣጠሚያው አይደለም። ድግግሞሹ ነው።»

ልዩነቱ የገባኝ ጋቢዬን ሳየው ነው። የሸማኔ ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ጋቢ በአንድ ስፋት አይወጣም፤ ለየብቻ ይሸመንና መሃል ለመሃል ይሰፋል። እናቶቻችን ያንን ስፌት በጣታቸው ዳስሰው የሸማኔውንም የሰፊውንም ልክ ይናገራሉ። ጠርዝ ከጠርዝ መግጠሙ አንድ ነገር ነው፤ ጥበቡ የሚታየው ዓይን እዚያ ስፌት ላይ ሳያርፍ ሲያልፍ ነው። የባነሩ ሠሪ ስፌቱን ደብቋል፤ ስንጥቋን መደበቅ ግን ረስቷል።

ይህ የቴክስቸር ነገር የቆየ ጥበብ ነው። ኤድ ካትሙል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ጽሑፉ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ቅርጽ ላይ ሥዕል እንዴት እንደሚለበጥ አሳየ። ዩታ በብርዱ ወራት በረዶ የሚከመርበት አገር ነው፤ ሰውየው መስኮቱን ከፍቶ ቢመለከት ይበቃው ነበር። እሱ ግን ተግቶ ሠራና በኋላ ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1978 ጄምስ ብሊን የሚባል ሌላ ሰው ደግሞ ለጥ ያለውን ወለል ሳይነካ፣ ብርሃኑን ብቻ አታሎ፣ ጎርባጣ የሚያስመስልበትን ዘዴ አመጣ።

ከሁሉም የወደድሁት ኬን ፐርሊንን ነው። ይህ ሰው «ትሮን» በተባለው የ1982 ፊልም ላይ ከሠራ በኋላ የኮምፒውተር ሥዕል ንጽሕናው አስጠላው። ሁሉም ነገር ጥርት፣ ልስልስ፣ ምንም የማይገኝበት ሆነበት። ስለዚህ በሒሳብ ጉድፍ የሚያወጣ ዘዴ ፈጠረና በ1985 አሳተመው። እብነ በረዱ፣ ደመናው፣ የበረዶው ጉርብጥብጥ ሁሉ ዛሬም ከዚያ ይቀዳል። በ1997 ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አበረከተለት። እኛ ሰፈር ጉድፍ በነፃ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እስካሁን የሸለማቸው የለም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ የነገረኝ የተሸነፈበትን ታሪክ ሳይነግረኝ ለማለፍ ነው። እናቱ ግን ነገረችኝ።

አንድ እህል ነጋዴ ጂ ፕላስ 2 ቤት ሊሠራ አስቦ «ሲያልቅ ምን እንደሚመስል አሳየኝ» ብሎት ነበር። ልጁ ቤቱን ሞዴል አድርጎ፣ መስኮቱን አንጸባርቆ፣ በረንዳው ላይ ወንበር አስቀምጦ ሲያበቃ ችሎታውን ለማሳየት ጣራው ላይ በረዶ አለበሰበት። በረዶው ከጣራው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ብርሃን ያስተላልፋል። አውሮፓ ሄዶ የማያውቅ ልጅ የሠራው ነው ብሎ የሚያምን የለም።

ነጋዴው ስክሪኑን ለረዥም ጊዜ አየ።

«ይሄ ነጩ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው ጋሼ። ለውበት ነው።»

«ለውበት።» ትንሽ ዝም አለ። «ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ነው?»

«ጋሼ፣ ሬንደር ነው እኮ፣ የኮምፒውተር ሥዕል፤ ቆርቆሮ የለውም።»

«ቆርቆሮ ከሌለው በምን ተሸከመው? አሸንዳውስ? ይሄ ሲቀልጥ በየት በኩል ነው የሚወርደው? በጎረቤቴ በኩል ከሆነ ክስ ነው።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ የጎረቤቱን ቤት አገኘው። ልጁ ለይምሰል ያስቀመጠው ግራጫ ሣጥን ነው፤ ጣራው ላይ ምንም የለም። «የእሱን ለምን አልነካውም? እሱ ምን ተስሎ ነው?»

በረዶው በዚያው ዕለት ተነሣ። በምትኩ ፀሐይ ገባ። ነጋዴው ያለ ክርክር ከፈለ።

ቤተሰቡ ሁሉ በነጋዴው ሳቀ። እኔ ከሳቁ በኋላ ቆየት ብዬ ሳስበው ሰውየው ትክክል መሰለኝ። በዚያ በቡና ቤቱ ባነር ሥር ቀኑን ሙሉ ከሚያልፈው ሕዝብ መካከል በረዶን እንደ በረዶ ያየው እሱ ብቻ ነው። ክብደት አለው፣ ይቀልጣል፣ ይወርዳል፣ አንዱን መትቶ አንዱን ይተዋል። የደብረ ታቦር ሰው በረዶን የሚያውቀው እንዲህ ነው። ጌጥነቱን ነው የማያውቀው።

«ያንን በረዶ ከየት አመጣኸው?» አልሁት ልጁን።

ፖሊ ሄቨንና አምቢየንትሲጂ የሚባሉ የቴክስቸር መጋዘኖች አሉ። የሚሰጡት ሁሉ በነፃ ነው፤ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ባለቤቱን ማመስገን እንኳ ግዴታ አይደለም። ግንብ፣ ዝገት፣ ሣር፣ አስፋልት፣ በረዶ። ሌሊት ኢንተርኔቱ ሲፈጥን ያወርዳል። አንዱ በረዶ ብቻውን አራት አምስት ፋይል ሆኖ ይመጣል፦ ቀለሙ ለብቻ፣ ጉርብጥናው ለብቻ፣ ልስላሴው ለብቻ። ልስላሴው በጥቁርና ነጭ ይጻፋል፤ ጥቁር የሆነው ቦታ ያንጸባርቃል፣ ነጭ የሆነው ይደበዝዛል። ጉርብጥናውን የሚይዘው፣ ኖርማል ማፕ የሚባለው ደግሞ ሁሉ ነገሩ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው። እህቴ ቡና ይዛለት ስትገባ ስክሪኑ ላይ አይታው «ምነው ይሄ ደግሞ እንዲህ የበለዘው? ማን ደብድቦት ነው?» ብላለች።

«ከውጭ አገር በረዶ በሌሊት ታወርዳለህ» አልሁት፤ «ጉና እዚህ አጠገብህ ሆኖ?»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ጉና ከ4100 ሜትር በላይ የወጣ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከእሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ጫፉ ላይ ጓሳና ጅብራ እንጂ ዛፍ አይቆምም። ደብረ ታቦር ራሷ በ2700 ሜትር ላይ ተቀምጣ ጠዋት ጠዋት ጥርስ ታንቀጫቅጫለች፤ እዚያማ ጥቅምትና ኅዳር ላይ መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። በረዶን የሚያክል ነገር ከፈረንጅ ብቻ የመጣ አድርጎ የማሰብ አመል ከየት እንደያዘን እንጃ። ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ከድንጋይ የገለበጠው ጽሑፍ አለ፤ ስሙ ያልቀረልን አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ዘምቶ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደገጠመው ይተርክበታል። ንጉሡ ለባነር አልፈለገውም እንጂ በረዶው ነበር።

ልጁ ጉና ወጥቶ በረዶ የማንሣቱን ሐሳብ ወደደው። እህቴ አልወደደችውም። «በዚህ ብርድ? ለጥቅምት አንድ አጥንት አሉ፤ አሁን ደግሞ ኅዳር ገብቷል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ጾሙም ይያዛል። በምን ትቋቋሙታላችሁ?» አለች፤ አለችና በሶና ቆሎ ቋጥራ፣ የአባቷን ወፍራም ጋቢ ጨምራ ሸኘችን።

ጉና ሥር ጋሳይ አደርን። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን ወደ ማሳዎቹ ወጣን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፎቶ ማንሳት ቀላል ይመስላል፣ ለቴክስቸር ሲሆን ግን ጣጣው ብዙ ነው። ፎቶው ላይ ጥላ መኖር የለበትም። ጥላው ከፎቶው ጋር አብሮ ከታተመ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፀሐይዋን በግራ ብታወጣትም በቀኝ ብታወጣትም በረዶው የኅዳሩን ጠዋት ጥላ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚመርጡት ደመናማ ቀን ነው። ውርጭ ደግሞ በደመና አይወርድም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ካላደረ፣ ነፋሱ ካላረፈ፣ የመሬቱ ሙቀት ወደ ላይ ካላመለጠ ውርጭ የለም። ደመና ከሻህ ውርጩን ታጣለህ፤ ውርጩን ከሻህ ፀሐይ ትመጣብሃለች። የቀረችህ ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ እስክታልፍ ያለችው ጊዜ ናት።

በዚያች ጊዜ ውስጥ የእህቴን ልጅ ብታዩት! ካሜራውን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ጋቢውን በጥርሱ ነክሶ፣ ወገቡን አጥፎ፣ አንድ እርምጃ እየገፋ ይሄዳል። ሌንሱ ላይ ብልጭታ የሚቀንስ ማጣሪያ ገጥሟል፤ በረዶ ሰማዩን መልሶ ስለሚያሳይ ያለ ማጣሪያ ካነሡት የሚወጣው የሰማይ ፎቶ ነው።

እኔ ሥራ ስላልነበረኝ በረዶውን አየሁት። ጓሳው ላይ ውርጩ እንደ ዱቄት አልተነሰነሰም፤ በየቅጠሉ ጠርዝ ላይ መርፌ መርፌ ሆኖ ቆሟል፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ። ከሁሉ የሚገርመው የከብቱ ዱካ ነው። በጭቃው ላይ በሬ የረገጠበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አቁሯል፤ ውሃው ከላይ ቀጭን መስታወት ሠርቷል፤ ከሥር ያለው ደግሞ ሌሊቱን ወደ መሬት ሰርጎ ባዶ ሆኗል። መስታወቱ ላይ ነጫጭ ክብ መስመሮች አሉ፣ እርስ በርሳቸው የተቃቀፉ፤ ውሃው ዝቅ ባለ ቁጥር የቀሩ ናቸው። በጣት ሲነኩት ጭው ብሎ ይሰበራል። የእህቴ ልጅ «እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ በዕድሜ ልዩነታችን የተነሣ ከዚያ በፊት ጮኾብኝ አያውቅም።

አንድ ሽማግሌ በላያችን መጡ። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመው አዩን።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደሩ አባቴ?»

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ምንም አልጠፋብንም። ውርጩን እያነሣን ነው» አለ ልጁ ቀና ሳይል።

ሽማግሌው ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «አንሡት» አሉ። «ኧረ ሁሉንም አንሡት። ያ ከማዶ ያለውም እንዳይቀር። መኪና የላችሁም?»

ፎቶ መሆኑን አስረዳናቸው። ለኮምፒውተር፣ ለጌጥ፣ ለባነር እንደሚሆን ነገርናቸው። ሰምተው ሲያበቁ ማሳቸውን በበትራቸው አሳዩን። ከረባዳው ላይ ያለው ባቄላ ጠቁሮ ተኝቷል። አሥር እርምጃ ያህል ሽቅብ ያለው ደግሞ አረንጓዴ ነው፤ አንዲት ቅጠል አልተነካችም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ይዞ ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው የሚተኛው።

«ታችኛው የእኔ ነው። ላይኛው የወንድሜ ነው። አባታችን ሲያካፍለን ታችኛው አፈሩ ወፍራም ነው ብዬ እኔ ነኝ የመረጥሁ።» ሳቅ አሉ። «በድንበር ግን ተጣልተን አናውቅም። በየዓመቱ ውርጩ መጥቶ ያሰምርልናል፤ ሽማግሌም አላስፈለገን።»

ወደ ቤታቸው ወስደው ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ አበሉን። የፋርጣን አገር ድንች በዚያ ብርድ፣ ከነልጣጩ፣ እፍኝ ውስጥ ይዞ መብላትን የሚተካከል ማሞቂያ እስካሁን አልተሠራም። ሽማግሌው ካሜራው ውስጥ ያለውን ፎቶ አይተው «የእኔ በሬ ናት፤ ይቺ ኋለኛዋ እግሩ ናት፣ ትንሽ ይስባታል» አሉ። የድንበሩንም ፎቶ ፈለጉ፤ ግራው የጠቆረ ቀኙ አረንጓዴ የሆነበትን። ልጁ አላነሣውም ነበር። ለቴክስቸር አይሆንማ! ግማሹ ጥቁር ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ነገር ከራሱ ጋር አይገጥምም።

ይህ ነገር ከድንቹ ጋር አልዋጥ አለኝ። በዚያ ጠዋት በዚያ ቀበሌ ትልቁ ወሬ ያ መስመር ነበር፤ ማን ተመታ፣ ማን ተረፈ። ለእኛ የሚጠቅመን ደግሞ መስመሩ የሌለበት ቦታ ብቻ ነው።

ከተማ ተመልሰን ሥራው ተጀመረ። ፎቶው መጀመሪያ ካሬ ተደርጎ ይቆረጣል፤ 4096 በ4096 ነጥብ። ከዚያ ኦፍሴት ይደረጋል፦ ግማሹ ወደ ጎን፣ ግማሹ ወደ ታች ይገፋና ጠርዝ የነበረው መሃል ይመጣል። ያን ጊዜ መሃል ለመሃል መስቀል የሚመስል መገጣጠሚያ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እሱን በክሎን እየቀዱ፣ ከዚህ እየወሰዱ እዚያ እየለጠፉ ያጠፉታል። ልጁ ይህን ሲሠራ ትንፋሽ አያወጣም። ቀጥሎ የጉርብጥናው ማፕ፣ የልስላሴው ማፕ፣ ብርሃን በረዶው ውስጥ ገብቶ ተበትኖ የሚወጣበት ልክ፣ ብርሃኑ የሚሰበርበት ቁጥር፤ ለውሃ 1.33፣ ለበረዶ 1.31 ነው። አንድ ነገር ሆነው ሳለ ልዩነታቸው በቁጥር ሲጻፍ ይቺን ታክላለች።

ከዚያ መብራት ሄደ።

«ሴቭ አድርገሃል?» የሚለው ጥያቄ ደብረ ታቦር ላይ ከ«እንዴት ዋልህ» ቀጥሎ የሚመጣ ሰላምታ ነው። አድርጓል፤ ሬንደሩ ግን ከግማሽ ቀረ። ሻማ አብርተን ቁጭ አልን። ከዚች ከተማ አጠገብ ጋፋት ላይ አጼ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ብለው ነበር። ሰዎቹ ሃይማኖት ሊሰብኩ የመጡ እንጂ መድፍ አፍስሰው የሚያውቁ አልነበሩም። ሆኖም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ያለ መብራት። ይህን ለልጁ ብነግረው «እነሱ ሬንደር አላደረጉም» አለኝ፤ መልስ አላጣም።

መብራቱ ሲመጣ በረዶው ወጣ። ሰፊ ሜዳ ላይ ተነጥፎ፣ መገጣጠሚያ የሌለው፣ ክብ ክብ መስመሮቹ ተጠላልፈው፣ ብርሃን ከሥሩ የሚጤስ። አማረ፤ ሐሰት አልናገርም። ግን ፈልጌ ፈልጌ የበሬው ዱካ የለም። የኮቴው ጠርዝ፣ ጭቃው፣ በመስታወቱ ውስጥ ተይዛ የነበረችው የገብስ ገለባ፣ ሁሉም ጠፍተዋል።

«አንዲት ኮቴ እንኳ ብትተውልኝ ምን ነበረበት?» አልሁት።

«ጋሼ፣ አንዲት ብተው በየሜትሩ ትደገማለች።» አሳየኝ። ኮቴዋን መለሳትና ሜዳውን አነጠፈው። በነጩ ሜዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ እኩል እኩል ተራርቃ፣ ያቺው አንዲት የኋላ እግር ተሰለፈች። አንድ እግር ያለው በሬ በረዶውን ሁሉ እየዘለለ አቋርጦታል።

ከሳቄ ስመለስ ገባኝ። ለየት ያለ መልክ ያለው ነገር ሁሉ በዚህ ሥራ ውስጥ ጠላት ነው፤ ዓይን ይይዛል፣ ይቆጠራል፣ ያስቃል። ይደጋገም ዘንድ የተፈቀደለት የትም የማይታወቅ፣ የማንም ያልሆነ በረዶ ነው። ያ ባነር ላይ ያለችው ስንጥቅም ይህን ሕግ ያፈረሰች ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ ወደድኋት።

ልጁ ግን በሥራው ኮርቶ የመጀመሪያውን ባነር በጉና በረዶ አሠራ። ደንበኛዋ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ነበረች። ባነሩ ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ስታየው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ይሄ በረዶ እንዴት ያምራል! ካለፈው ዓመቱ ይሻላል። የት አገር ነው?»

«የጉና ነው» አለ ልጁ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የከረመው።

«የቱ ጉና?»

«ይሄ የእኛ ጉና። ጋሳይ ወጥቼ እኔው ራሴ ነኝ ያነሣሁት። በጎህ።»

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች፣ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ቅድም ያላየችውን ነገር አሁን ያየች መሰለች።

«ካሬውን በስንት ነበር ያልኸኝ?»

ነገራት።

«እሱማ የውጭው ነው» አለች ቦርሳዋን እየዘጋች። «የጉና ከሆነ ቅናሽ አድርግልኝ እንጂ።»